ብሪታ ያቆየችው ማመልከቻ

ብሪታ ሶርንሰን ሩበን ማኪን ያወቀችው ራሷን የሳተች ቀን ነው።

ኮሌጅ ልትጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተዋት ነበር። በውጤቷ የሚስተካከላት አልነበረም፤ በሽተኛ አጠገብ ቆማ ግን አታውቅም። ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚያመለክት ሰው ደግሞ ከበሽተኞች ጋር መዋሉን ማሳየት አለበት። ስለዚህ በአሜሪካዋ የሐይቅ ዳር ከተማ በዱሉዝ፣ ሆስፒታል ውስጥ አንዲት ሐኪም እየተከተለች ክፍል ለክፍል መዞር ጀመረች። በመጀመሪያው ጠዋት ሐኪሟ የአንድ ሽማግሌ የእግር ቁስል ፋሻ ሲፈቱ፣ ብሪታ ጆሮዋ ጭው አለ፤ ግድግዳው ዞረባት።

ስትነቃ ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሽማግሌውን ከአረጋውያን ማቆያ ይዞ የመጣው ረዳት፣ ቁመተ ረጅም፣ ቀይ ጢማም ወጣት፣ የብርቱካን ጭማቂ ይዞ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ ብሏል።

«ወደቅሁ?»

«ኧረ አልወደቅሽም። ልትወድቂ ስትይ እኔ ላይ ተደገፍሽ። ቁመቴን አይቶ የማይደገፈኝ የለም።»

«ሐኪሟ ምን አሉ?»

«‹ነገ ቁርስ በልታ ትምጣ› አሉ።»

ሳቀች። እሱም ሳቀ። ጭማቂውን ጨርሳም ሁለቱም አልተነሱም።

የሐይቁ በረዶ ሲቀልጥና መርከቦቹ መምጣት ሲጀምሩ፣ ከሥራ በኋላ ወደ ወደቡ በሚያስገባቸው ቦይ ዳር አብረው መሄድ ልማዳቸው ሆነ። ሩበንም ሐኪም መሆን ይፈልጋል። አንድ ቀን ብሪታ ሲያሳስባት የከረመውን ነገር አወጣችው።

«በሰኔ ላመልክት ወይስ ዓመት ልጠብቅ?»

እሱ ራሱ አንድ ጊዜ ቸኩሎ አመልክቶ ያውቃል። ቃለ መጠይቁ ላይ «ስለረዳኸው አንድ በሽተኛ ንገረን» ሲሉት የሚያነሣው በሽተኛ አልነበረውም። አልተቀበሉትም።

«ጠብቂ» አላት።

«በቃ? ጠብቂ?»

«ሥራውን እንደምትወጂው እንኳ ገና አታውቂም፣ ብሪታ።»

እውነት ነበር፤ ስለዚህም አመማት። ቤት ገብታ ለእናቷ ለሶልቬግ ስትነግራቸው፣ እናቷ ማማሰያቸውን እንደያዙ ዞሩ።

«ምን? እኔ ልጄ ሐኪም ልትሆን ነው ብዬ ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ተናግሬ! ያ ጢማም ‹ጠብቂ› ያለሽ ላንቺ ብሎ ነው ለራሱ? ከተማውን ለቀሽ እንዳትሄጂበት ነው እንጂ!»

በማግስቱ ብሪታ ይህንኑ ቃል በቃል ሩበን ፊት ላይ ወረወረችው። ሩበን ቀላ፤ ከዚያ እስከ ጢሙ ድረስ ነጣ። አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

«እንደዚያ ካሰብሽ አመልክቺ» አለ በመጨረሻ። «ከእንግዲህ አንድ ቃል አይወጣኝም።»

ቃሉን ጠበቀ። ቀደም ሲል እሱ በሚሠራበት ማቆያ የረዳትነት ሥራ አፈላልጎላት ነበር፤ እሷ ሥራውን ስትጀምር እሱ ፈረቃውን አዛወረ። መተላለፊያው ላይ ድንገት ሲገናኙም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ብሪታ ልትጠራው ትልና ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

እግራቸው የቆሰለው ሽማግሌ፣ ሚስተር ዳል፣ ከእሷ ክፍሎች በአንዱ ነበሩ። በማዕድን ጫኝ መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ሆነው ነው ዕድሜያቸውን የፈጁት፤ የማቆያው ሾርባ በመጣ ቁጥር ይቆጣሉ። «ይሄን መርከብ ላይ ባቀርብ ኖሮ ከነድስቱ ሐይቅ ውስጥ ይጥሉኝ ነበር!»

አንድ ጠዋት ስትገባ ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አገኘቻቸው። አልጋው ረጥቧል፣ ቆሽሿል።

«ሌላ ሰው ጥሪ» አሏት።

«ምነው፣ እኔ አልበቃም?»

«አንቺማ ልጅ ነሽ። ያውም የምትወድቂዋ።»

«ዛሬ ቁርስ በልቻለሁ፣ ሚስተር ዳል። አይዞዎት።»

ለብ ባለ ውኃ አጠበቻቸው። አንሶላውን ቀየረች፤ ነርሷ ቁስሉን ስትጠርግ እግራቸውን ደግፋ ያዘች። ዓይኗን ከቁስሉ ላይ አላሸሸችም።

«ይሸታል፣ አይደል?» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

«ሾርባው ይብሳል።»

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ እጇን ያዙ።

ወጥታ መስኮቱ ጋ ስትቆም ዕንባዋ ወረደ። ሥራውን እንደምትወደው በዚያች ቅጽበት አወቀች። አሁን ብታመለክት ግን የምትናገረው ስለዚህ አንድ ጠዋት ብቻ እንደሆነም አወቀች። ሌሎች ጠዋቶች አማሯት። ከደረቷ ላይ ድንጋይ የተነሣላት ያህል ቀለላት።

«ዘንድሮ አላመለክትም፣ እማዬ» አለች ቤት ስትደርስ። «ሩበን አይደለም ያስቀረኝ። ከተኳረፍን ሰንብተናል።»

ሶልቬግ ማማሰያቸውን አስቀመጡ። «ሆስፒታል ውስጥ ራስሽን ስተሽ እንደነበር ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ነገረሽ?»

«ይሄ እኮ ዱሉዝ ነው፣ ልጄ፤ ወሬ አይደበቅም።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ከሰማሁ ወዲህ ውስጤ ሰላም የለውም። ልጄን ወደማትወደው ነገር እየገፋሁ ይሆን እያልኩ።»

«እወደዋለሁ። ገና አሁን አወቅሁት።»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሱ። «እፎይ! እንግዲያው ሂጂና ለዚያ ጢማም ንገሪው። የቤተ ክርስቲያኑን ወሬ ለእኔ ተዪው።»

ቦዩ ዳር ብቻውን ቆሞ አገኘችው።

«ዓመት እጠብቃለሁ። አንተ ስላልክ ግን አይደለም።»

«ተመስገን! እኔ ስላልኩ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልክሽን ትወቅሺኝ ነበር።»

«ያን ቀን ስለተናገርኩህ ይቅርታ።»

ሩበን ወደ እሷ ዞረ። «እናትሽ ጨርሰው አልተሳሳቱም። ‹ጠብቂ› ያልኩሽ ላንቺ ብዬ ነው። ስናገረው ግን እዚሁ እንደምትቀሪ አስቤ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። ያን ቀን መልስ ያጣሁት ለዚህ ነው።»

ብሪታ እጇን እጁ ውስጥ ከተተች። ቦዩ ላይ ያለው ድልድይ መርከብ ሊያሳልፍ ወደ ላይ ተነሣ፤ መርከቡ እየጮኸ ገባ። ሩበን አንድ ነገር ተናገረ፤ አልተሰማትም።

«ምን አልክ?»

«መርከቡ ይለፍና እነግርሻለሁ!»

በዚያ ሰኔ ሩበን ብቻውን አመለከተ፤ እዚያው ከተማ ተቀበሉት። ሚስተር ዳል በበረዶው ወራት ብሪታ እጃቸውን እንደያዘች አረፉ። በሚቀጥለው ሰኔ እሷ አመለከተች። ጠያቂዎቿ «ዓመት ለምን ጠበቅሽ?» ሲሏት ስለ እሳቸው መናገር ጀመረች፤ ሰዓቱ ቢያልፍም ማንም አላቋረጣት።

ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ስልክ የተደወለላት ማቆያው ውስጥ አንዲት አሮጊት ስታበላ ነው። አላነሳችውም። ሾርባውን እስከ መጨረሻው ማንኪያ አብልታ፣ አፋቸውን ጠርጋ፣ ከዚያ ወጥታ መልሳ ደወለች። ወዲያው ደግሞ ለሩበን።

«ተቀበሉኝ!»

«ሩበን? አለህ?»

«አለሁ። እያለቀስኩ ነው፤ አትሳቂ። እናትሽ ሰሙ?»

«ገና።»

«እኔ ቀድሜ መስማቴን እንዳትነግሪያቸው። አንድ ነገር ልለምናቸው ቀን እየቆረጥኩ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«ምን ልትለምናቸው?»

«ልጃቸውን እንዲድሩልኝ።»

«ዛሬ እራት ላይ ና» አለችው ብሪታ። «ግን መጀመሪያ እኔን ትጠይቃለህ።»

«እሺ ትያለሽ?»

«ጠይቀኝና ትሰማለህ።»