ነጩ ገጽ

መርማሪዋ የባሏን ጥቁር ኮት ጭኗ ላይ ዘርግታ ሦስተኛውን ቁልፍ በምላጭ እየፈታች ነበር። ቁልፉ አልላላም፣ አልተሰበረም። ጥፋቱ የተሰፋበት ክር ቡናማ መሆኑ ብቻ ነው። የቤታቸውን ቁልፍ ሁሉ የምትሰፋው እሷ ናት፤ ጥቁሩን በጥቁር፣ ነጩን በነጭ። ቤት ውስጥ ቡናማ ክር የሚባል ነገር የለም። እንግዲህ አንድ ሰው፣ አንድ ቦታ፣ ባሏ ደረት ላይ ጎንበስ ብሎ መርፌ ሲያሳልፍ ነበር ማለት ነው። የማን ጣቶች እንደሆኑ ባታውቅም ቀጫጭን መሆናቸውን፣ ጥፍራቸውም የተቀባ መሆኑን ከነቃች ጀምሮ በሐሳቧ ስትስል ቆይታለች።

ባሏ ፊቱን በፎጣ እያደረቀ ብቅ አለ።

«ኮቴ ምን አደረገሽ?»

«ቁልፉ ላልቶ ነበር» አለች። ዋሸች።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«የአውቶቡስ አካል የሚሠራ ድርጅት ውስጥ አንድ የጥገና ሠራተኛ ሞቶ ተገኝቷል። ነገሩ ግልጽ ነው። አሮጌው ጠጋኝ ሥራውን ሊወስድበት የመጣውን ወጣት አጥፍቶታል። ሄደሽ ሽማግሌውን ይዘሽልኝ ነይ።»

«ግልጽ ከሆነ እኔ ምን ላደርግ እሄዳለሁ?»

«ለእኔ ግልጽ ነው። ሐኪሙ ግን አልጣመውም።»

ቁልፉን የስኒ ማስቀመጫ ላይ አኖረች። ቡናማውን ክር ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ወጣች።

የቀለም መርጫ ክፍሉ አንድ አውቶቡስ የሚውጥ ረጅም ነጭ ክፍል ነው። ንጹሕ አየር ከጣሪያው ይወርዳል፤ የቀለሙን ብናኝ ይዞ በወለሉ የብረት ወንፊት ይወጣል። ካልተጠገነና ካልተፈተሸ ቀለሙ ይበላሻል፤ ሠራተኛውም ይመረዛል። ስለዚህ ድርጅቱ ይህን ሥራ በውል ለውጭ ሰው ይሰጣል። ለዘመናት ውሉን የያዘው «ማስተር» እያሉ የሚጠሩት ሽማግሌ ነበር። ዛሬ ግን የማስተር የቀድሞ ተማሪ፣ «ቀጭኑ» የሚሉት ሰው፣ ክፍሉን ለመጨረሻ ጊዜ ፈትሾ አዲሱን ውል ሊፈርም ቀጠሮ ነበረው።

አሁን ወንፊቱ ላይ በጀርባው ተኝቷል። ያገኙት ሰዎች ጭምብሉን ከፊቱ አውልቀውለታል። ከጭምብሉ የሚወጣው የአየር ቱቦ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው። ፊቱ ቀልቶ ጤነኛ እንቅልፍ የተኛ ይመስላል።

«የሞተር ጭስ ነው» አለ ሐኪሙ። «ደሙ ይናገራል።»

«እዚህ ግን ጭስ የለም።»

«አልጣመኝም ያልኩትም ለዚሁ ነው።»

መርማሪዋ ቱቦውን በዓይኗ ተከተለችው። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው የሚተነፍሰው በዚያ የሚመጣውን አየር ነው። ጭሱም የመጣው በዚያው መሆን አለበት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ቀለም ቀቢውን ነው። ከቆቡ እስከ ጫማው የቀለም ነጠብጣብ የሌለበት ቦታ አልነበረም።

«ዝንጉርጉር ይሉኛል» አላት። «ልብሴን አይተው ነው፤ ጠባዬስ አንድ ቀለም ነው።»

«ቀጭኑ ጭምብሉን ለምን አጠለቀ? ቀለም እየቀባ አልነበረም እኮ።»

«የእሱ ነገር! ሌላው ፈታሽ መሣሪያውን አይቶ ይሄዳል። እሱ ግን ‹እኔ ያልተነፈስኩትን አየር ሌላ ሰው ተንፍስ አልልም› ይልና ራሱ አጥልቆ ይቆማል። ሁላችንም እንስቅበት ነበር።» ቆቡን አወለቀ። «ከእንግዲህ የሚስቅ የለም።»

«ሁላችሁም ታውቁ ነበር?»

«የጥበቃው ውሻ ሳይቀር።»

«ጠዋት የተለየ ነገር ሰማህ?»

«እኔ ደጅ ላይ የአውቶቡስ በር በማሽን እያለሰለስኩ ነበር። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ሰምቻለሁ። መብራት ጠፍቶ መሰለኝ።»

«ማሽንህ በመብራት ነው የሚሠራው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ቆመብህ? መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ትንሽ መቆሙ አይቀርም።»

ዝንጉርጉር ወደ ደጁ ዞሮ አየ። «እንዴ… አልቆመም። አልቆመም እኮ! መብራት ሳይጠፋ ማን ነው ጄኔሬተር የሚያስነሣ?»

መርማሪዋ ወደ ጓሮ ዞረች። ከክፍሉ ጀርባ፣ በግምጃ ቤቱና በጄኔሬተሩ መካከል ጠባብ መተላለፊያ አለ። የጭምብሉን አየር የሚስበው መሣሪያ ከየት እንደሚስብ ልታውቅ ፈልጋ መሣሪያው እንዲነሣ አደረገች፤ ቡናማውን ክር ከኪሷ አውጥታ በሁለት ጣቶቿ አንጠልጥላም በግድግዳው ጥግ ሄደች። አንድ የብረት ሣጥን ጋ ስትደርስ ክሩ ተወጠረና ጫፉ ወደ ሣጥኑ ተሳበ።

ክዳኑን ከፈተች። ውስጡ የትራስ ያህል ውፍረት ያለው የአየር ማጣሪያ፣ ፊልትሮ፣ ተሰክቷል። በአንድ ገጹ ሸካራ አረንጓዴ፣ በሌላው ለስላሳ ነጭ ነው። ወደ ውጭ የሚያየው ነጩ ንጹሕ ነበር። አውጥታ ገለበጠችው። የግቢው አቧራ ሁሉ አረንጓዴው ላይ ነው፤ አረንጓዴው ግን ወደ ውስጥ ዞሯል። አቧራ ደግሞ ከውጭ ነው የሚመጣው። ጣቷን ከሣጥኑ አየሩን በሚወስደው ቧንቧ ውስጥ ከተተች። ጣቷ ጥቀርሻ ይዞ ወጣ። ፊልትሮው ላይ ግን ጥቀርሻ የለም።

ወደ ዝንጉርጉር ተመለሰች። «ይህን ሣጥን ማን ይነካዋል?»

«እኔ ሁልጊዜ ጠዋት ከፍቼ አየዋለሁ። ዛሬም አይቻለሁ።»

«የትኛው ገጽ ነበር ወደ ውጭ?»

«አረንጓዴው ነዋ! ሌላ እንዴት ይሆናል?»

ማስተር በግቢው በር አጠገብ በአሮጌ ወንበር ላይ የመሣሪያ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አቅፎ ተቀምጧል።

«ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከዚህ ንቅንቅ አላልኩም።»

«የቀለም ክፍሉ የጎን መስኮት አቧራ ለብሷል፤ መስተዋቱ ላይ የሁለት መዳፍና የአንድ ግንባር አሻራ አለ። ግንባሩ በእርስዎ ቁመት ልክ ነው። እጅጌዎም አቧራ ይዟል።»

ሽማግሌው እጅጌውን አየ። በመዳፉ አራገፈው።

«ሲሳሳት ላየው ነበር የሄድኩት» አለ። «አንዲት ነገር ዘልሎ ቢያልፍ ሮጬ ለድርጅቱ ባለቤት ለእትዬ ልነግር። ከጥግ እስከ ጥግ ሲፈትሽ ተመለከትኩት። አንድም አልዘለለም። እኔ በደህናው ቀኔም እንደዚያ አልሠራሁም። ቅናት አንጀቴን ሲያቃጥለኝ ትቼው ተመለስኩ።» ዓይኑን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይህንንም እንኳ ለራሴ ልበል ብል እምቢ አለኝ።»

«ለምን ዋሹኝ?»

«አሁንስ ነገርኩሽ፤ ማን ያምነኛል፣ ልጄ?»

አለቃዋ ደወለ። «ሽማግሌውን ያዝሽው?»

«ከምሽቱ በፊት አንድ ሰው ይዤ እመጣለሁ።»

«አንድ ሰው አላልኩሽም፤ ሽማግሌውን ነው ያልኩሽ። እስር ቤት በሩ ተከፍቶ እየጠበቀው ነው።»

የድርጅቱ ባለቤትና ባሏ ቢሮ ውስጥ ተራርቀው ተቀምጠዋል። ሠራተኛው እሷን «እትዬ»፣ ግምጃ ቤቱን የሚይዘውን ባሏን «ጋሼ» ይላቸዋል። የእትዬ ዓይን አብጧል። ጋሼ የሚያየው መርማሪዋን አልነበረም፤ የሚስቱን እንባ ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደጠረገችው የሚቆጥር ይመስል። መርማሪዋ ያን አስተያየት አወቀችው። ጠዋት ኮት የያዘችው ሴት በመስታወት ብትታይ እንዲህ ነበር የምትመስለው።

«ሟቹን በደንብ ያውቁት ነበር?» አለችው።

«እሷን ጠይቂ» አለ ጋሼ። «የሚግባቡት እነሱ ናቸው። ከጣሪያ አየር ወረደ፣ ከወለል ወጣ፣ ሳቅ በሳቅ። እኔ ዕቃ ከመደርደሪያ አንሥቼ መስጠት ነው ሥራዬ። ስለ ነፋስ ምን አውቃለሁ?»

«ደግሞ ጀመርክ?» አለች እትዬ። «የሰው ልጅ ሞቶ!»

«ምን አልኩ? አላውቅም ነው ያልኩት።»

መርማሪዋ ማስተርን፣ ዝንጉርጉርንና ባልና ሚስቱን በጓሮው መተላለፊያ ሰበሰበቻቸው። አንድ ፖሊስ ከማስተር ኋላ ቆመ። ሽማግሌው የተጠራበትን ያወቀ መስሎት ሁለት እጆቹን አስቀድሞ ዘረጋ።

«ቆይ አባባ፣ እጅዎን ይሰብስቡ» አለችው። «ጋሼ፣ አንድ አዲስ ፊልትሮ ከግምጃ ቤት ያምጡልኝ። ይህኛውን ለምርመራ እወስደዋለሁ፤ ሣጥኑም ባዶውን አይደር።»

ጋሼ አመጣ።

«እኔ በዚህ እጄ አልችልም» አለች ጥቀርሻ የነካውን ጣቷን እያሳየች። «እስቲ ይክተቱልኝ።»

ጋሼ ፊልትሮውን አገላብጦ እንኳ ሳያይ ሣጥኑ ውስጥ ከተተ። ነጩ ገጽ ወደ ውጭ ዞሮ ተቀመጠ።

«ኧረ ጋሼ፣ ገለበጡት!» አለ ዝንጉርጉር፤ ሊስቅ ብሎ የማንም ፊት እንዳልሳቀ ሲያይ ተወው።

«ማስተር፣ እርስዎስ እንዴት ይከቱታል?»

«አረንጓዴውን ወደ ውጭ ነዋ። ዓይኔን ጨፍኜም ብሆን።»

«እትዬ?»

«አረንጓዴውን። ቀጭኑ አስተምሮኛል።»

መርማሪዋ ወደ ሣጥኑ ተጠጋች።

«እንግዲህ ስሙኝ። ቀጭኑ የሞተው በሞተር ጭስ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ጭስ አልነበረም። ጭሱ የገባው በሚተነፍስበት ቱቦ ነው። ቱቦው አየር የሚስበው ከዚህ ሣጥን ነው። ዛሬ መብራት አልጠፋም፤ የዝንጉርጉር ማሽን አንዴም አልቆመም። ጄኔሬተሩን ያስነሣው ሰው የፈለገው መብራት ሳይሆን ጭሱን ነው። ፊልትሮውን አውጥቶ፣ ጭሱን በቱቦ ወደዚህ መራው። ቧንቧው ጠቁሮ ፊልትሮው ያልጠቆረው ለዚያ ነው። ሥራውን ሲጨርስ ፊልትሮውን መለሰ፤ ግን ገልብጦ። ዝንጉርጉር ጠዋት ሲያየው ትክክል ነበር። ማስተር በሥራ ያረጀ ሰው ነው፣ እትዬም ተምራለች። እንዲህ የሚሳሳት ፊልትሮን መደርደሪያ ላይ እንጂ ሣጥን ውስጥ አይቶ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።»

«የትኛው ነጭ፣ የትኛው አረንጓዴ መሆኑን ማን ያስተውላል!» አለ ጋሼ።

«እርስዎ ያስተውላሉ። ግምጃ ቤትዎን በመስኮት አይቻለሁ። ፊልትሮዎቹ ሁሉ ነጭ ገጻቸው ወደ ላይ ሆኖ ነው የተደረደሩት፤ ልክ እንደ ጨርቅ፣ ያማረው ፊት እንዲታይ። አሁንም የከተቱት እንዳነሡት ነው። የግምጃ ቤቱን መክፈቻ ለፖሊሱ ይስጡት። የጄኔሬተሩ ጭስ ማውጫ ቱቦ እዚያ እንደሚቀመጥ ዝንጉርጉር ነግሮኛል። ሣጥኑ ድረስ እንደሚደርስና የዛሬ ጥቀርሻ እንዳለበት አሁኑኑ እናያለን።»

ጋሼ መክፈቻውን ኪሱ ውስጥ ጨበጠ፤ አላወጣውም። ሚስቱን አየ።

«ቆቡ መኪናሽ ውስጥ ምን ይሠራል?» አላት። «ኋላ ወንበር ላይ። የእሱ ቆብ። ጸጉርሽ ጸጉርሽ ይሸታል።»

እትዬ ግድግዳውን ተደገፈች። «ጣሪያው ላይ ያለውን ማጣሪያ ሲያሳየኝ አቧራ እንዳይወርድብኝ የሰጠኝ ቆብ ነው! የማልገባበትን ውል አልፈርምም ብዬ፣ ሥራውን ልማር ብዬ… ብትጠይቀኝ እነግርህ አልነበር?»

«ጠይቀዋት ነበር?» አለች መርማሪዋ በዝግታ።

«ብጠይቃት ትዋሻለች ብዬ…» አለ ጋሼ። እጁን ከኪሱ አወጣ። መክፈቻው ከእጁ ወድቆ ሲሚንቶው ላይ አቃጨለ።

ፖሊሱ ከማስተር ኋላ ተነሥቶ ከጋሼ ኋላ ቆመ። ሽማግሌው እጆቹን ምን እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ቆየ። ከዚያ ወደ ሣጥኑ ሄዶ ፊልትሮውን አወጣ፣ አረንጓዴውን ወደ ውጭ አዙሮ ከተተ፣ ክዳኑን ዘጋ። «እንዲህ አድርጎ ነበር የሚዘጋው፣ ልጄ» አለ፤ ለማን እንደሆነ አልታወቀም።

ቤቷ ስትደርስ ገና አልመሸም ነበር። ባሏ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ሽንኩርት እየላጠ ነው። ኮቱ ወንበሩ ላይ፣ ቁልፉ የስኒ ማስቀመጫው ላይ እንደነበሩ ናቸው።

ጫማዋን ሳታወልቅ ቆመች። «ይህን ቁልፍ በቡናማ ክር የሰፋው ማነው?»

«እኔ ነኛ!»

«አንተ?»

«ምነው፣ እኔ እጅ የለኝም? መሥሪያ ቤት ተበጠሰብኝ። አንቺ ደግሞ ሰሞኑን ስትገቢ ዓይንሽ አይገለጥ፣ ቁልፍ ስፊልኝ ልበልሽ? ከጥበቃው ክር ለመንኩ፤ ያለው እሱ ብቻ ነበር።» የሽንኩርት እጁን አንሥቶ አውራ ጣቱን አሳያት። ጫፉ በመርፌ ተበሳስቶ ነበር። «ሳቂ፣ ሳቂ። ወንፊት አድርጎኛል።»

አልሳቀችም። ተቀመጠችና ኮቱን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ቡናማውን ክር ከኪሷ አወጣች፤ ጫፉ ጥቀርሻ ነክቶት ጠቁሯል። የጠቆረውን ቆርጣ ጣለች፤ የተረፈው ለአንድ ቁልፍ ይበቃል። መርፌው ውስጥ አሳለፈችው።

«ጥቁር ክር አለሽ አይደል?» አለ ባሏ።

«አለኝ።»

ቁልፉን በቡናማው ሰፋች፣ ቋጠረች፣ ትራፊውን በጥርሷ በጠሰች። ኮቱን አራግፋ በሩ ኋላ ሰቀለችው።