ክዳኑን የዘጋው ማነው?

የቀበሌው ሊቀመንበር የሳህሌ ሬሳ ከጉድጓዱ ሲወጣ፣ ኢንስፔክተር አስካለማርያም ዓይኗን ከሟቹ አንስታ የብረቱን ክዳን ትመረምር ጀመር። ጉድጓዱ አቃቂ ወንዝ ዳር የሰፈሩ ሰው በገዛ ጉልበቱ የቆፈረው፣ ቀበሌው የእጅ ፓምፕ የተከለበት ነው። ሰፈሩ ሌላ ውሃ የለውም።

«አዳልጧቸው ይሆናል» አለ ሬሳውን ያገኘው የውሃ ባለሙያ ቀናው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ስትመጣ ክዳኑ ክፍት ነበር?»

«ግጥም ብሎ ተዘግቶ ነበር። እኔ ነኝ የከፈትኩት።»

«አዳልጦት የገባ ሰው ክዳን ይዘጋል?»

ቀናው ዞር ብሎ ክዳኑን አየው።

«ለምን ከፈትከው?»

«ፓምፑ ተበላሽቷል ተብዬ መጣሁ። ብሞክረው ደህና ይሠራል። ግራ ቢገባኝ ውስጡን ልየው አልኩ።»

ምክትል ሊቀመንበሯ መዓዛ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ጠበቀቻት። የክዳኑ ቁልፍ የነበራቸው ሟቹ፣ እሷ፣ ቀናውና የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ኦልጅራ ብቻ ናቸው።

«ትናንት ስብሰባ ላይ ተጣልተናል፤ አልደብቅም» አለች። «ውሃው ሲመረመር የፋብሪካ ዝቃጭ ዘልቆበት ተገኘ። ሳህሌ ጉድጓዱን ነገውኑ እዘጋለሁ አለ። ሌላ ሳናዘጋጅ ሕዝቡ ምን ይጠጣል አልኩት። ‹ቀበሌ ለዛሬ ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ልጆች አድገው ሲታመሙ ማንን ይጠይቃሉ?› አለኝ። ቦታውን የመረጠውን ቀናውንም በሰው ፊት አዋረደው።»

«ጋሽ ኦልጅራስ?»

«መሬቱን የሰጡት እሳቸው ናቸው። አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ዛሬ ማለዳ ውሃ ሊቀዱ የሄዱትን ሴቶች ፓምፑ ተበላሽቷል ብለው ሲመልሷቸው፣ ሴቶቹ ወደ እኔ መጡ። ቀናውን የላክሁት እኔ ነኝ።»

አስካለማርያም ሽማግሌውን ደጃቸው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። «ምንም አላየሁ፣ ልጄ» አሉ፤ ቀና ብለው ግን አላዩዋትም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በቀበሌው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ክዳኑ ክፍት ቢገኝ ሁላችንም አደጋ ነው እንል ነበር። ለገዳዩ የሚበጀውም ያ ነው። እሱ ግን ዘጋው፤ የሰፈሩ ልጅ እንዳይወድቅበት ፈርቶ። ቀናው ቢሆን ኖሮ ክዳኑን በእጁ ከፍቶ ሰው አይጠራም ነበር። መዓዛም ብትሆን ባለሙያ አትልክም ነበር። ሬሳው ሳይገኝ በፊት ደህናውን ፓምፕ ተበላሽቷል ያለ ሰው ግን አለ። ውሃው ውስጥ ሬሳ እንዳለ ያውቃል፤ ጎረቤቶቹ ያንን እንዲጠጡ ሕሊናው አልፈቀደለትም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ ኦልጅራ፣ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ አላገኝዎትም ነበር።»

ሽማግሌው የክዳኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ፊቷ አኖሩ።

«ከስብሰባው ስንወጣ ላሳይዎት ብሎ ወሰደኝ። ከፍቶ ‹አይሸትዎትም?› አለኝ። እርሻዬን ፋብሪካ ወሰደው። የተረፈችኝን ቁራሽ ለውሃ ሰጠሁ። እሷም መርዝ ናት ሲለኝ… ገፋሁት። ይሞታል ብዬ አልነበረም።» ወደ ቀናው ዞሩ። «እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ውሃው እሱ እንዳለው ነው?»

ቀናው አንገቱን ደፋ። «ነው፣ ጋሽ ኦልጅራ።»

«የልጅ ልጆቼን በእጄ ያጠጣሁት እኔ ነኝ» አሉ ሽማግሌው። አስካለማርያም ብብታቸውን ይዛ አነሳቻቸው።

መዓዛ የጉድጓዱን መዘጋት ለሰፈሩ ልትናገር ብቻዋን ወጣች። ከዚያ በኋላ ምን ጠጡ እንደምትላቸው ግን አታውቅም።