የቀጠሮው ጠዋት ሽታ

አናጺው ሲሞት ቆዳው እሳት እንደነካው ሰው ተልጦ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር። አስከሬኑ ከሆስፒታል ሳይወጣ ዘመድ ፍርዱን ጨርሷል። የገደለችው ለደም ካንሰሩ የአጥንት መቅኔዋን የሰጠችው እህቱ ናት።

«መርዝሽን አጠጣሽው» አለቻት የሟች ሚስት በሰው ፊት።

ሐኪሙ ግን ነገሩ ስላልጣመው ፖሊስ ጠራ። የመጣችው መርማሪ ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት፣ እንክርዳድ የማያልፋት ሴት ነበረች።

«የተሰጠ መቅኔ የተቀበለውን ገላ እንደ ጠላት ሊያጠቃ ይችላል» አላት ሐኪሙ። «ይህን የሚከላከል እንክብል ጠዋትና ማታ ይዋጣል። በየቀጠሮው ደሙ ውስጥ ያለውን መጠን እንለካለን።»

«ጎድሎ ነበር?»

«ከሚገባው በላይ ነበር እንጂ። በቀጠሮ ቀን ደም ሳይቀዳ መዋጥ ክልክል ነው፤ የማታው ቅሪት ብቻ ነው የሚለካው። አንድ ሰው ጠዋት አስውጦታል።»

«ክልከላውን ማን ያውቃል?»

«እህቱና ወንድሙ። ሚስቱን ብንጠራት ብንጠራት አልመጣችም። እሱማ ትኩሳት አድክሞት ያጎረሱትን ይውጥ ነበር።»

መርማሪዋ ሚስቱን፣ እህቱንና ወንድሙን በሟች ቤት ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ማንም ከማንም ጎን አልተቀመጠም።

«መድኃኒቱን ማን ነበር የሚሰጠው?»

«ሁላችንም፣ ከዚች ብልቃጥ» አለች ሚስት፣ ሌላው አፉን ሳይከፍት።

መርማሪዋ ከብልቃጡ አንድ እንክብል አውጥታ በመርፌ ወጋችው። ምንም አይሸትም። ቀጥላ ከሆስፒታል ያመጣችውን ከእሽጉ ፈልቅቃ ወጋች። የአልኮልና የከረመ ዘይት ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«ይህን ሽታ ታውቂዋለሽ?» አለቻት እህቱን።

«አላውቀውም» አለች እህት። «ስንት ጊዜ በእጄ አጉርሼዋለሁ፤ እንዲህ ሸቶኝ አያውቅም።»

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ ወንድም። «በቀጠሮው ጠዋት መኪና ውስጥ አፉ እንዲህ ይሸት ነበር።»

«ብልቃጡ ውስጥ ያለው ተራ ቫይታሚን ነው» አለች መርማሪዋ። «የለወጠው ሰው ምርመራው እንዳያጋልጠው በቀጠሮው ጠዋት እውነተኛውን አስዋጠው። ክልከላውን የሰማ ሰው ይህን አያደርግም። ያልሰማው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርስዎ ነዎት፣ እመቤቴ።»

ሚስቲቱ አልካደችም።

«ሰው የሆነው ሲታመም ነበር» አለች። «እሱ ሲድን ዱላውም አብሮት ይድናል። ስጮህ ከመካከላችሁ ማን መጣልኝ?»

ወንድም አንገቱን ደፋ። እህት ግን ቀና ብላ አየቻት።

«ዱላውን እኔም ቀምሼዋለሁ። ብትሸሺ ኖሮ በር እከፍትልሽ ነበር። በኔ መቅኔ ለምን ገደልሽው?»