ከላይ ሲደገም

የክላርኔቱ መምህር በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ፣ በልምምድ ክፍላቸው ወለል ላይ ሞተው ተገኙ። አንገታቸው ላይ የተጠመጠመው የሳክስፎን ማንገቻ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ተማሪያቸው ንብረት ነበር። አስከሬኑን አግኝታ እየጮኸች የወጣችውም እሷው።

አያቷ ከበሩ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር ላይ ሆነው ሲጠብቋት ነበር። ለፖሊስ የሰሙትን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ እስከ ዘጠኝ ተኩል መምህሩ ሲጫወቱ ሰምተዋል፤ ከዚያ ክላርኔቱ ዝም አለ፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ ልጅቷ ከትምህርት ወጥታ ገባች፤ ሌላ ሰው በዚያ በር አልገባም፤ በአትክልቱ በኩል ያለው በር ግን ከተቀመጡበት አይታይም። ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ነው የገባቸው። ልጅቱን በገዛ አፋቸው አሳሰሯት። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

መርማሪዋ ከሳክስፎኑ መምህር ጀመረች።

«ልጅቷና ሟቹ ጠብ ነበራቸው» አላት። «አራት ዓመት አስተምሬሽ ወደ ሳክስፎን ትሄጃለሽ? ብለው ሰኞ ዕለት አስለቅሰዋታል።»

«እርስዎስ?»

«ከዘጠኝ ተኩል ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ዘንድ ነበርኩ። ይጠይቋት።»

«ክላርኔት ይጫወታሉ?»

«ኧረ ወዲያ! እኔና ክላርኔት ሰላምታም የለንም።»

ልጅቷን ግን ስለ ጠቡ አልጠየቀቻትም። «ወደ ሳክስፎን ስትሻገሪ ምን አስቸገረሽ?» አለቻት።

«አውራ ጣቴ» አለች ልጅቷ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ሳክስፎን ላይ የኋላዋን ቁልፍ ስጫን ያው ድምፅ ከፍ ብሎ ይመጣል። ክላርኔት ላይ ግን ሌላ ድምፅ ነው የሚመጣው፤ የቀሩትንም ጣቶች መቀየር ያስፈልጋል። እኔን እስከ ዛሬ የክላርኔቱ ልማድ እየጎተተኝ ነው።»

መርማሪዋ አግዳሚው ላይ ከአያትየው ጎን ተቀመጠች።

«እማማ፣ ቤት ስትለማመድ ይሰማሉ?»

«አራት ዓመት ሙሉ! ጎረቤት ግድግዳ ሲደበድብ የሚመክተው ማን ሆነና።»

«እንግዲያስ ያን ዕለት የሰሙት ጨዋታ እንዴት ነበር?»

አሮጊቷ አመነቱ። ደግሞ ተናግሬ ባባብስባትስ?

«ከታች፣ በወፍራሙ ድምፅ፣ ደህና ነበር፣ ልጄ። ያንኑ ከላይ፣ በቀጭኑ ሲደግሙት ግን... ሌላ ዘፈን ሆነ። ቆመው አስተካከሉት። ደክሟቸው ይሆናል ብዬ ነው።»

«እስቲ ያንጎራጉሩልኝ።»

አፍረው አንጎራጎሩ። ሦስት ጊዜ አስደገመቻቸው።

በማግስቱ ሁሉንም የልምምድ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«እማማ የሰሙት ሟቹን አይደለም» አለች። «ሠላሳ ዓመት ክላርኔት የያዘ ሰው እዚያ ቦታ አይስትም። የሳተው ሌላውን ጣት ሳይቀይር በአውራ ጣቱ ብቻ ዜማውን ከፍ ሊያደርግ የሞከረ ሰው ነው፤ የሳክስፎን እጅ ያለው። እዚህ ሳክስፎን የሚያውቁ ሁለት ናቸው። ልጅቷ ያን ሰዓት ከሃያ ተማሪ ጋር ክፍል ውስጥ ነበረች። መምህሩ ቀድመው ሞተዋል፤ ሙዚቃው በሕይወት ያሉ ለማስመሰል ነው። ተጫዋቹ በአትክልቱ በኩል ባለው በር ወጥቶ ጸሐፊዋ ዘንድ ሄደ። ማንገቻውንም ልጅቷ የረሳችው ሳክስፎን የምትማርበት ክፍል ነው።»

ጸሐፊዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ለካ ለዚህ ነው! ለሚቀጥለው ዓመት ከሁለቱ መምህራን አንዱ ብቻ እንደሚቀር ተነግሯቸው ነበር።»

መርማሪዋ ክላርኔቱን ለሳክስፎኑ መምህር ዘረጋችለት። «ይሞክሩት።»

አልተቀበላትም። «አንዴ ብቻ ነው የሳትኩት» አለ፣ እንደ ተናደደ ሰው። ምን እንደ ተናገረ የገባው የሁሉንም ፊት ካየ በኋላ ነው።

ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ አያትየው ልጅቱን እቅፍ አደረጓት፤ ትከሻዋን፣ ጸጉሯን ዳበሱ። እሷ ግን እጆቿን አላነሳችም።

«አያዬ፣ አንቺም የገደልኳቸው እኔ መስዬሽ ነበር?»

«እንዴት ተደርጎ!» አሉ አያትየው። ግን መልሱ ከመምጣቱ በፊት ጥቂት ዘገየ፤ ልጅቷም መዘግየቱን ሰማች።