የቆርቆሮዋ ግመል

በአፋር በረሃ፣ በትልቁ የመኪና መንገድ ዳር፣ አንዲት ግመል ቆማለች። ሣር አትበላም። ውሃም አትጠጣም።

እግሮቿ አሮጌ ጎማ ናቸው። ሆዷ አሸዋ የተሞላ በርሜል ነው። አንገቷ ላይ ባዶ ጣሳዎች ተንጠልጥለዋል።

ነፋስ ሲነፍስ ጣሳዎቹ «ቃ-ቋ! ቃ-ቋ!» ይላሉ። ከባድ መኪኖች ሲያልፉ «ፓ! ፓ!» ብለው ሰላም ይሏታል።

የሠሯት የትንሿ ልጅ የሞሚና አያት፣ አባባ ያዮ ናቸው። አሁን ዓይናቸው አያይም። ግን «ቃ-ቋ!» ሲሰሙ ቤታቸው በየት በኩል እንደሆነ ያውቃሉ።

አንድ ቀን ሠራተኞች መጥተው ከግመሏ ኋላ ቀይ ችካል ተከሉ።

«መንገዱ ሊሰፋ ነው» አሉ። «ነገ ዶዘር ይመጣል። እስከ ችካሉ ያለው ሁሉ ይነሳል።»

ሞሚና ወደ አያቷ ሮጠች። ልቧ ድው! ድው! አለ።

«አባባ፣ ግመሏ ከሌለች ቤት በምን ይገባሉ?»

«አንቺ ትመሪኛለሽ።»

«ትምህርት ቤት ስሆንስ?»

«ፍየሎቹን እጠይቃለኋ!» ብለው ሳቁ። ሞሚና ግን አልሳቀችም።

ጠዋት... ድድድድድ! ዶዘሩ መጣ። ቢጫ ነው። ከቤት ይበልጣል!

ሞሚና ከግመሏ አጠገብ ሆና አፏን ከፈተች። ድምፅ አልወጣም። ልቧ ድው! ድው!

ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ «ተነሽና አንብቢ» ሲሏትም እንዲህ ሆና ነበር። ያኔ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ አነበበች።

አሁንም በረጅሙ ተነፈሰች። «አጎቴ! ዳጉ!» ብላ ጮኸች።

ዶዘሩ ቀጥ አለ።

ዳጉ ወሬ መለዋወጥ ነው። አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው «ምን አየህ? ምን ሰማህ?» ይባባላሉ። ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው!

ሾፌሩ ሁመድ ራሱን እያከከ ወረደ። «ሥራ ላይ ነኝ እኮ!» አለ። ግን መሬት ላይ ቁጭ አለ። «እሺ፣ ትንሿ። ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

«ቀይ ችካል አየሁ። ግመላችን ልትነሳ ነው ሲሉ ሰማሁ። አባባ ግን አያዩም። ቤት የሚገቡት በእሷ ድምፅ ነው።»

ሁመድ ዞር አለ። ግመሏን አያት። ችካሉን አየ።

«እኔም ወሬ አለኝ» አለ። «ከችካሉ ወዲያ ማንም አይነካትም። ደግሞ ሰንሰለት አለኝ።»

ድድድድድ! ቀስ... ቀስ... ግመሏ በሰንሰለት ከችካሉ ወዲያ ተጎተተች። ሞሚና ከሩቅ ሆና እርምጃ ቆጠረች። «ስምንት... ዘጠኝ...» ቋ! አንድ ጣሳ ወደቀ! «...አሥር!»

ሞሚና ሮጣ ጣሳውን መልሳ አሰረችው።

ወደ ማታ አባባ ያዮ በዱላቸው እየዳበሱ መጡ። ነፋስ የለም። ጣሳዎቹ ዝም። የሞሚና ልብ ድው! ድው!

አንድ ከባድ መኪና «ፓ! ፓ!» ብሎ አለፈ። የመኪናው ነፋስ ግመሏን ነካት። «ቃ-ቋ! ቃ-ቋ!»

አባባ ያዮ ቆሙ። ጆሯቸውን አቀኑ። «ሞሚና! ግመሏ ወደ ቤት ቀረበች እንዴ?»

«አዎ አባባ! አሥር እርምጃ!»

ሲተኙ አባባ ያዮ ጋቢያቸውን አለበሷት። «እስቲ ንገሪኝ» አሉ፣ «አሁን ምን ሰማሽ?»

«ቃ-ቋ... ቃ...» አለች ሞሚና። «ቋ» ሳትል እንቅልፍ ወሰዳት።