የተሾመ አውራ ጣት

ስሚ እንጂ የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ላንቺ ካልነገርኩ ለማን ልነግር ነው? በሰባ አምስት ዓ.ም. ነው። ዘሙሩድ ጠፍታ ልታገባ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ባሕር ዛፉ ውስጥ ተሾመ አናቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ።

ዘሙሩድ የወደደችው ሠረቀብርሃንን ነው፣ የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ሠራተኛውን። ቤተሰቦቿ ለክርስቲያን አንድርም ሲሉ፣ ሁለቱ ቀበሌ ሄደን እንፈራረም ተባባሉ። ቀበሌው ግን አራት ምስክር አምጡ አለ። ሠረቀ የክፍለ ሀገር ልጅ ስለሆነ ደግሞ፣ ሚስት እንደሌለው የአገሩ ሰው ቅጽ ላይ ይፈርምለት ተባለ። ያ የአገሩ ሰው እንጨት ቆራጩ ተሾመ ነበር።

ከፖሊስ ጣቢያ ሃምሳ አለቃ አስካለች መጣች። አጭር ናት፣ ወሬ አታበዛም፣ ዓይኗ ግን ኪስ ይፈትሻል። የሬሳውን ቀኝ አውራ ጣት ሐምራዊ ቀለም ነክቶታል። እሱን ስታይ ቆየችና ከኪሱ መታወቂያውን ወሰደች።

«ማነው ያገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለ የደን ጠባቂው ቱሉ። «ትናንት ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሲቆርጥ ስለዋለ ተጨቃጭቀናል። ሌላ ሰው ሳይነግርዎ እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው።»

«ጎበዝ።»

ሰፈሩ ግን የጠረጠረው የዘሙሩድን ወንድም ሳልህን ነው። ወሬው ሲደርሰው ሻይ ቤት ሰው ፊት «ለዚህ ጋብቻ የሚፈርም እጁን እቆርጥለታለሁ» ብሎ ነበራ። ወስደው ቀበሌ አሰሩት።

አስካለች ዘሙሩድ ዘንድ ሄደች።

«ወንድምሽ ትናንት ከሰዓት የት ነበር?»

«ጋራዥ። ግን ብቻውን።»

«የተሾመ ጣት ምን ወረቀት ላይ እንዳረፈ ካላወቅሁ ነገ ወህኒ ይወርዳል።»

ቅጹ ፍራሿ ስር ነው። ሠረቀ ትናንት አመሻሽ ላይ አምጥቶ «ማንም እንዳያይብሽ» ብሏታል። ከሰጠች ሰርጓ ቀረ፤ ካልሰጠች ሳልህ አለቀለት። በመጨረሻ ፍራሹን አነሳች።

«ሠረቀብርሃን ሚስት የለውም» ከሚለው ስር አንድ ሐምራዊ አሻራ አለ።

«መቼ ነው የፈረመው?»

«ከትናንት ወዲያ ብሎኛል ሠረቀ። ትናንት አላገኘውም።»

ከሰዓት ሁሉንም ቀበሌ አዳራሽ ሰበሰበቻቸው።

«ተሾመ ትናንት መጥረቢያ ይዞ ነው የዋለው» አለች። «ከትናንት ወዲያ ቢፈርም ቀለሙ እጀታው ላይ ያልቅ ነበር። ጣቱ ግን አሁን የተነከረ ይመስላል። ሠረቀ፣ ለመሆኑ ለምን በጣቱ ፈረመ?»

«ማይም ነዋ። ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

መታወቂያውን ጠረጴዛ ላይ አኖረችው። ጎላ ጎላ ባሉ ፊደሎች «ተሾመ» ይላል ፊርማው።

«ዘንድሮ መሠረተ ትምህርት ጨርሷል። ሰርተፊኬቱ አልጋው ራስጌ ተለጥፏል። ስሙን ለመጻፍ እንዲህ የለፋ ሰው ጣቱን አይነክርም። የነከረለት ሌላ ሰው ነው፣ እምቢ ማለት በማይችልበት ሰዓት።»

መታወቂያውን መልሳ ኪሷ ከተተች።

«ሳልህ የሚፈልገው ፊርማ እንዳይኖር ነው። ቱሉ ስለ ቅጹ አያውቅም። ከኅብረት ሱቅ ስኳር ሊወስድ የመጣውን ማይም ሁሉ አሻራ የሚያስነሳ፣ ቀለም ከእጁ የማይለይ ማነው? ጠዋት አገርህ ፖሊስ ዘንድ ደውዬ ነበር፣ ሠረቀ። ሚስትህ ደህና ናት። ልጅህም ዳዴ ማለት ጀምሯል።»

ሠረቀ ዘሙሩድን ማየት አቃተው። «በሐሰት አልፈርምም አለኝ» አለ። «ገፋሁት። ድንጋይ ላይ ወደቀ።»

ሳልህ ተፈቶ፣ እህቱን ሳያናግር ፊት ፊት እየሄደ ወደ ቤት ገባ። ዘሙሩድ በር ላይ ቀረች፣ ከእሷ በኩል ምስክር ልትሆን ከነበረችው ጓደኛዋ ከከይሪያ ጋር።

«ቅጹን ባልሰጣትስ ኖሮ?» አለቻት።

ከይሪያ የመለሰችላትን ቃል በቃል ልንገርሽ፦ «ሳልህ እስር ቤት፣ አንቺ ጫጉላ ቤት ነበርሻ። አሁን ግቢና ወንድምሽ ሳይተኛ ይቅርታ ጠይቂው።»