የራድኮ ፎቶ

በቭራትሳ ሰው ሲሞት ፎቶው ያለበት ወረቀት ይታተምና በቤቱ በር፣ በአውቶቡስ ፌርማታውና በመብራት ምሰሶው ላይ ይለጠፋል። በአርባው፣ በመንፈቁና በዓመቱም ይታደሳል። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህች ከተማ ሰው ፎቶው የሚበዛለት ከሞተ በኋላ ነው። ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለችው የስታሜን ማተሚያ ቤት የምትኖረውም በዚሁ ነበር። ልጁ ኔቬና ወጣትነቷን የፈጀችው የሰው ሐዘን በጥቁር ክፈፍ ስትከብ ነው።

ኦግኒያን የመጣው ለወንድሙ ለራድኮ አርባ ነበር። ራድኮ እንጨት የጫነ መኪና ተገልብጦበት ነው የሞተው። እናታቸው ቬሊካ የምትወደውን ብቸኛ ፎቶ ከልጇ ጋር ቀብራዋለች። የቀረው በማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ያለው ቅጂ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ያን ቀን አልነሣም ብሎ ኔቬናን እንባ በእንባ አድርጓት ነበር።

ኦግኒያን የማዘጋጃ ቤቱን ኮምፒውተሮች የሚጠግን ሰው ነው። አልተቆጣም፤ ኮቱን አውልቆ ተቀመጠና ሊተርፍ የሚችለውን ሁሉ ሲያተርፍ ዋለ። ራድኮ ከተረፉት መካከል ነበር። ሲጨርስ፣ የዚህን ሁሉ ሰው ሙታን ለአንድ አሮጌ ኮምፒውተር አደራ መስጠት ኃጢአት ነው አላት። የሱቁ ኮምፒውተሮች በሙሉ በኔትወርክ የሚገናኙበት አንድ ማከማቻ ሳጥን ግዙ ብሎ መከራት።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲወጣ እየመጣ አብሯት ያማርጥ ጀመር።

«መጀመሪያ የምትወስኚው፣» አላት፣ «ስንት ዲስክ እስኪሞት ድረስ ሥራሽ እንዳይቆም እንደምትፈልጊ ነው።»

«እኛ ጋ የሚመጣው ሁሉ እኮ የሞተ ነው።»

ሳቀ። ወንድሙን ከቀበረ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር፤ በሳቁም አፈረ። ኔቬና ግን ያን ሳቅ ደግማ ለመስማት ስትል የምታውቀውን ሁሉ እንደማታውቅ ሆና ትጠይቀው ነበር።

አባቷ ስታሜን አንድ ትልቅ ዲስክ ይበቃል ባይ ነው። ሁለት ዲስክ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ማስቀመጥ ምን ይሉታል፣ ለአንድ ሬሳ ሁለት መቃብር ማን ይቆፍራል እያለ ይሟገታል። ኦግኒያን ሳይሰለች ያስረዳዋል። ዲስክ ሳይታመም ይሞታል። ደግሞም አንዱ ላይ የጠፋ ነገር መንታው ላይም ወዲያው ስለሚጠፋ፣ መንታ መሆኑ ብቻ አያድንም። ስለዚህ በየሰዓቱ የነበረበትን የሚያስታውስ፣ የጠፋውንም መመለስ የሚያስችል ሳጥን ይመረጥ፤ ሱቁ ቢቃጠልስ፣ ሌላ ቅጂ ደግሞ ቤት ይቀመጥ። በመጨረሻ ባለ አራት ዲስኩ ተመረጠ። ዲስኮቹን አንድ በአንድ ሲያስገቡ እጃቸው ተነካካ፤ ሁለቱም አላነሡትም። ስታሜን አይቶ እንዳላየ ሆነ።

ሊጋቡ ተስማሙ፤ ግን በሐዘን ቤት ሠርግ አይደገስም፤ ዓመቱ ይውጣ ተባለ። ዓመቱ ወጣ። ቬሊካ ግን አዲስ ወረቀት አሳትማ በሯ ላይ ለጠፈችና፣ ይህ እያለ በዚህ በር ሙሽራ አይገባም አለች። መንፈቅ ሲሆን ደግሞ አደሰችው። የምታትምላት ኔቬና ናት። የራሷን ሠርግ የሚከለክል ወረቀት በገዛ እጇ እያተመች፣ ክፈፉ ተጣሞ እንደሆን ታስተካክላለች። ኦግኒያን እናቱን ማስጨነቅ አልቻለም፤ «ትንሽ ታገሽኝ» ይላታል። እሷም ትታገሣለች፤ አንጀቷ ግን አረረ።

የሁለት ዓመቱ ሲቃረብ ኔቬና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጣ የራድኮን ፎቶ አጠፋችው። ቤት ያለውንም ቅጂ አጠፋች። ጨርሶ እንደማይጠፋ ታውቃለች፤ ሳጥኑን አብራ መርጣዋለች። መመለሻውን የሚያውቀው ግን ኦግኒያን ብቻ ነው። ካልመለሰው መረጠኝ ማለት ነው ብላ አሰበች። በአፏ ልትጠይቀው ያልደፈረችውን እንዲህ አድርጋ ጠየቀችው።

ቬሊካ መጥታ ፎቶው የለም ስትባል አልጮኸችም። ቀስ ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ «ደግሞ የት ሄደብኝ?» አለች። ኔቬና ያን ጊዜ ምነው እጄን በቆረጠው አለች።

ኦግኒያን ተጠርቶ መጣ። ኮምፒውተሩ ያጠፋውን ሰው ስም ጽፎ ይዟል፤ አነበበው። ዞር ብሎ ኔቬናን አያት። ከዚያ ፎቶውን መለሰው።

«ማነው ያጠፋው?» አለች እናቱ።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ። ሐዘኑ ይብቃን ብዬ ነው።»

ቬሊካ ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ኦግኒያን ሊከተላት ሲል በሩ ላይ ቆመ።

«በአፍሽ ብትጠይቂኝ እምቢ እልሽ ነበር፣» አላት፣ «ግን አብሬሽ አለቅስ ነበር።»

ከዚያ ወዲህ ወደ ሱቁ አልመጣም። ቬሊካ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖረች ልጇን ማናገር እንዳቆመች ከተማው ሁሉ ሰማ።

መንፈቅ ቆይቶ ቬሊካ ብቻዋን መጣች። ወረቀቱ እስኪታተም ወንበር ላይ አረፍ አለችና የኔቬናን እጅ ያዘች።

«ላንቺ ብመኘው ደስ ባለኝ፣ ልጄ። ግን ወንድሙን ለሚያጠፋ ሰው የሰው ልጅ አልለምንም።»

ኔቬና ዝም ብትል ኖሮ ይህች ሴት ዕድሜዋን ሁሉ እጇን እንደያዘች ትኖር ነበር።

«እማማ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እሱ ለኔ ብሎ ነው የዋሸዎት።»

ቬሊካ እጇን ቀስ ብላ ሳበች። የታተመውን ሳትነካ ተነሥታ ሄደች። በኋላ ወረቀቱን በከተማው ሌላ ዳር ካለ ማተሚያ ቤት እንዳሳተመች ተሰማ።

የሙታን ቅዳሜ በደረሰ ጊዜ ሰው የተቀቀለ ስንዴውንና ሻማውን ይዞ ወደ መቃብር ሲወጣ፣ ኔቬና በሱቁ መስኮት አየቻቸው። ኦግኒያን እናቱን ደግፎ ያልፋል፤ ወደ መስኮቱ ዞር አላለም። እናቱ እያወራችው ነበር።